ልጃችን ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ
ለንግድ ሥራ ት/ቤት የሚዘጋጁ ወጣት ሴቶችና የቤተሰባቸው ድርሻ

ጧት ገና ጎሕ ሲቀድ ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ዳገት አልፎ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጎርፈውን ሠራተኛ ያየ ሰው፣ ከመካከሉ የወጣት ሴቶች ቁጥር ቀላል አለመሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። አንዳንዷ በባንክ፣ አንዳንዷ በፋብሪካ የሒሳብ ክፍል፣ ሌላዋም በአስመጪ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ናት። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የሥራ ልምድም አካብታለች። ማታ ቤቷ ስትገባ እራት ሠርታ፣ ልጅ ካላትም ልጇን አስተኝታ፣ ስልኳን ከፍታ ስለ ንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ የምታነበው ብዙ ናት።

እነዚህ ሦስት ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ የፋብሪካና የባቡር ከተማ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መሥመር የሚነሣው ከዚያው ነው። ሱሉልታ በወተቱ፣ በድርቆሹና በታሸገ ውኃ ፋብሪካዎቹ ይታወቃል። ቡራዩም የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት ሆኖ በአምቦ መንገድ ላይ በንግድ እየተስፋፋ የመጣ ከተማ ነው። ፋብሪካና ንግድ ባለበት ሁሉ ሒሳብን፣ ገበያንና ሰውን ማስተዳደር የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል። ታዲያ ይህ ባለሙያ ከነዚሁ ከተሞች ቤት የወጣች ሴት ለምን አትሆንም?

ሴቶች ወደዚህ ትምህርት የገቡበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ስሙ በዓለም የገነነው የሐርቫርድ የንግድ ሥራ ት/ቤት ለሁለት ዓመቱ የማስተርስ ትምህርት ሴቶችን በቀጥታ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የገቡት ሴቶች 8 ብቻ ነበሩ። በፈረንሳይ አገር የሚገኘው ኢንሲያድ ደግሞ በሩን ለሴቶች የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአገራችን የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ት/ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ተከፈተ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውና ሕዝቡ «ኮሜርስ» እያለ የሚጠራው የንግድ ሥራ ት/ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ተመሥርቶ ለብዙ ዓመታት ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ሲያወጣ ኖሯል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በኃላፊነት የመሩት ዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክም በሴቶች አነሳሽነት የተቋቋመ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎቹን ወጣት ሴቶች የሚያስቸግራቸው በበሩ ላይ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ነው።

የሚጠየቀው ምንድን ነው?

በአገር ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው በትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ወደ ውጭ አገር የንግድ ሥራ ት/ቤቶች የሚያመለክት ደግሞ እንደየት/ቤቱ ደንብ ጂማት ወይም ጂ.አር.ኢ. የተባለውን ፈተና፣ እንደዚሁም አይልትስን ወይም ቶፍልን የመሰለ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ይወስዳል። የቋንቋ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት፣ የጂማትና የጂ.አር.ኢ. ውጤት ግን ለ5 ዓመት ስለሆነ፣ የቱን አስቀድሞ የቱን አስከትሎ መፈተን እንደሚሻል ከወዲሁ ማስላት ገንዘብ ያድናል።

ፈተናውን ማለፍ ግን ብቻውን አያስገባም። አብዛኞቹ የታወቁ የንግድ ሥራ ት/ቤቶች አመልካቿን ጠርተው ያነጋግራሉ። ሐርቫርድ ለምሳሌ ማመልከቻቸውን አይቶ ለመረጣቸው ብቻ የ30 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፤ የሚጠይቀውም ሰው የአመልካቿን ወረቀት አስቀድሞ ያነበበ የመግቢያ ኮሚቴ አባል ነው። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድልም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ሲሆን፣ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የተመረጡትንም በቃል ያነጋግራል። ጥያቄዎቹ በመሪነት ችሎታ፣ ከሰዎች ጋር ግንኙነት በመፍጠርና ከትምህርቱ በኋላ ባለው የሥራ ዕቅድ ላይ ያተኩራሉ። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት አለበት። ለንግድ ሥራ አስተዳደር ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ ጣሪያ ስላለው ግን፣ ለዚህ ትምህርት የምታመለክት ሴት ቀሪውን ክፍያ ከየት እንደምታገኝ አስቀድማ ማወቅ ይኖርባታል።

ከዚህም በላይ በቪዲዮ መልስ መስጠት የሚባል ነገር መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በካናዳና በአሜሪካ የሚገኙ ት/ቤቶች የጀመሩት ይህ ዘዴ አሁን በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል። አመልካቿ በኮምፒዩተሯ ወይም በስልኳ የተላከላትን መሥመር ትከፍታለች፤ ጥያቄው በመስታወቱ ላይ ይወጣል፤ ለማሰብ ጥቂት ሴኮንዶች ይሰጧታል፤ ከዚያም መቅጃው በራሱ ይጀምራል፣ ጊዜው ሲያልቅም በራሱ ይዘጋል። በአሜሪካ የሚገኘው የኬሎግ ት/ቤት ለማሰብ 20 ሴኮንድ፣ ለመመለስ 1 ደቂቃ ይሰጣል። ኤም.አይ.ቲ. ስሎን ደግሞ አመልካቿ በ1 ደቂቃ ውስጥ ለወደፊት የክፍል ጓደኞቿ ራሷን እንድታስተዋውቅ ይጠይቃል።

ይህ ለምን አስፈለገ ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድርሰትን ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ዛሬማ ኮምፒዩተርም ይጽፈዋል። ፊቷን አሳይታ፣ በገዛ ድምፅዋ ያለ ወረቀት የምትናገረውን ግን ሌላ ሰው ሊናገርላት አይችልም። ት/ቤቱ ማወቅ የሚፈልገው በወረቀቱ ላይ ያነበባትና በመስታወቱ ላይ የሚያያት ሴት አንድ መሆናቸውን ነው።

«አንገቷን የደፋች»

እዚህ ላይ እኛ እናቶችና አሳዳጊዎች ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። በአስተዳደጋችን ጨዋ ልጅ ማለት አንገቷን የደፋች፣ በትልቅ ሰው ፊት ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ፣ ራሷን የማታመሰግን ናት። «ዝም አይነቅዝም» እያልን አሳድገናታል። ይህ አስተዳደግ የራሱ ቁም ነገር አለው፤ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ይህችው ልጅ ከመቅጃው ፊት ስትቀመጥ፣ 20 ዓመት ሙሉ እንዳታደርገው የተነገራትን በ1 ደቂቃ ውስጥ አድርጊ ትባላለች። ዓይንሽን አቅኚ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ስላደረግሽው መልካም ነገር ተናገሪ ይሏታል። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። የዕውቀት ጉድለት ኖሮባቸው እንዳይመስላችሁ፤ ይሉኝታው ነው የሚይዛቸው።

ይህ በይበልጥ የሚታየው «እኛ» በሚለው ቃል ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የሰበታ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል የምትሠራ ወጣት አለች እንበል። ምን ሠራሽ ስትባል፣ «እኛ በክፍላችን የሚበላሸውን ዕቃ ቀነስን» ብላ ትመልሳለች። እውነት ነው፤ ሥራው የብዙ ሰው ሥራ ነው። ጠያቂው ግን የሚመርጠው ክፍሉን ሳይሆን እሷን ነው። «ብልሽቱ የሚበዛው በሌሊቱ ፈረቃ መሆኑን መዝገብ አገላብጬ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ከፈረቃው ሠራተኞች ጋር ተነጋግረን መብራቱ እንዲጨመር አደረግን» ብትል፣ የራሷንም የባልደረቦቿንም ድርሻ በትክክል አስቀመጠች ማለት ነው። የሌላውን ድካም የራስ ማድረግ ትምክሕት ነው። የገዛ ራስን ድካም በቀጥታ መናገር ግን ምስክርነት ነው። ልጆቻችን ይህን ልዩነት ከቤታቸው ይዘው እንዲወጡ ማድረግ የኛ ፈንታ ነው።

ነገር በምሳሌ

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለዋል። የመግቢያ ጠያቂዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። «ታታሪ ነኝ፣ መሪ ነኝ፣ በኅብረት መሥራት እወዳለሁ» የሚል መልስ ከሺህ አመልካች አፍ የሚሰማ ስለሆነ አይታወስም። የሚታወሰው አንድ እውነተኛ ታሪክ ነው። ታሪኩም በአራት ደረጃ ቢነገር ይመረጣል። አንደኛ፣ ነገሩ የት እንደነበረ፤ ሁለተኛ፣ በተናጋሪዋ ላይ የወደቀው ኃላፊነት ምን እንደሆነ፤ ሦስተኛ፣ እሷ ያደረገችው፤ አራተኛ፣ የተገኘው ውጤትና ከዚያ የተማረችው። ከአራቱ ውስጥ ረዘም ማለት የሚገባው ሦስተኛው ነው፤ ብዙዎች ግን መጀመሪያውን እያስረዘሙ ጊዜው ያልቅባቸዋል።

ብዙ ወጣቶች ለዚህ የሚሆን ታሪክ ከትልቅ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚገኝ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በዙሪያችን ያለው ኑሮ በንግድ ትምህርት የተሞላ ነው።

ወተት የሚሸጥ የሱሉልታ ቤተሰብ ዘንድ ያደገች ልጅን እንውሰድ። በሁዳዴ ጾም 55 ቀን ሙሉ የወተት ፈላጊው ይቀንሳል፤ ላሟ ግን ጾም ነው ብላ አትነጥፍም። ወተቱ ከሚበላሽ ተንጦ ቅቤው ቢቀመጥና ለፋሲካ ገበያ ቢወጣ ይሻላል ብላ ቤተሰቧን ያስማማች፣ ስንት ሊትር እንደተናጠና ስንት ኪሎ ቅቤ እንደወጣ በደብተር የመዘገበች ልጅ፣ ስለ ፈላጊና አቅርቦት፣ ስለ ዕቃ አያያዝና ስለ ዋጋ የምትናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ይህን በ1 ደቂቃ ብትናገር የትኛውም ጠያቂ ይገባዋል።

«ያልተሳካልሽን ነገር ንገሪን» የሚለው ጥያቄም ሁልጊዜ የሚመጣ ነው። እዚህ ላይ ያልተሳካ ነገር የለኝም ማለት፣ ወይም «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» ማለት ያስገምታል። ለምሳሌ በቡራዩ የሠፈር ዕቁብ ጸሐፊ የነበረች ወጣት፣ ወዳጇ ስለሆነች ብላ ዕጣ የደረሳትን አባል ዋስ ሳታስጠራ ገንዘቡን አስረከበቻት እንበል። ሴትዮዋ መክፈሏን ስታቆም ጸሐፊዋ ለአባላቱ ጥፋቱ የሷ መሆኑን ተናገረች፤ ጉድለቱን ከደመወዟ በየሳምንቱ ሞላች፤ ከዚያ ወዲህም ወዳጅም ይሁን ዘመድ ዋስ ሳይጠራ ዕጣ እንዳይወጣ ደንብ አስወጣች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋትም፣ ኃላፊነትም፣ መታረምም አለ። ዕቁብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳትን ግን መለማመድ ያስፈልጋል። ዓለም ሁሉ ዕቁብን ያውቃል ብሎ መነሣት አይገባም።

«ለምን ይህን ትምህርት ፈለግሽ? ለምን አሁን?» ለሚለው ጥያቄም «ኑሮዬን ለመለወጥ» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አይበቃም። አሁን የምትሠራውን፣ ከ5 ዓመት በኋላ ልትሠራው የምታስበውን፣ በሁለቱ መካከል የጎደላትን ዕውቀትና ያ ዕውቀት በዚያ ት/ቤት የሚገኝበትን ምክንያት አያይዛ መናገር አለባት። ለሁሉም ት/ቤት አንድ ዓይነት መልስ የምትሰጥ ልጅ የት/ቤቱን ስም ብቻ ለውጣ እንደመጣች ወዲያው ይታወቅባታል።

አንድ ደቂቃ ስንት ቃል ነው?

በእንግሊዝኛ በተረጋጋ አነጋገር 1 ደቂቃ ከ120 እስከ 140 ቃል ያህል ይይዛል። ይህ በእጅ ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ቢሞላ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን 10 ሴኮንዶች ለቀጥተኛ መልስ፣ የሚቀጥሉትን 35 ሴኮንዶች ለምሳሌው፣ የመጨረሻዎቹን 15 ሴኮንዶች ደግሞ ከዚያ ለተገኘው ትምህርት መደልደል ጥሩ ልማድ ነው።

ልጆቻችን እንግሊዝኛን የተማሩት በአብዛኛው በማንበብና በመጻፍ ነው። ጽፈው በቃል የማጥናት ፈተና የሚመጣባቸውም ለዚህ ነው። በቃል የተጠና መልስ ግን አንዲት ቃል ስትረሳ ሁሉም ይፈርሳል፤ ዓይንም ወደ ጣራ ይሄዳል። ስለዚህ መልሱን በሙሉ ከመጻፍ ይልቅ ለያንዳንዱ ታሪክ አራት አጫጭር ቃላት በወረቀት ይዞ፣ በየዕለቱ በሌላ አነጋገር ደጋግሞ መናገር ይበልጣል። አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ ታሪኮችን እንዲህ አድርጋ ያዘጋጀች ልጅ ለአብዛኞቹ ጥያቄዎች መልስ አታጣም። የንግግር ዘይቤዋ የፈረንጅ መምሰል የለበትም፤ ቃላቱ ጥርት ብለው ከተሰሙ ይበቃል። ጥያቄው ካልገባትም በቀጥታው ቃለ መጠይቅ ላይ «እባክዎን ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

እናት እንግሊዝኛ ባታውቅስ?

አንዳንድ እናቶች «እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ ምን ልረዳት እችላለሁ?» ይላሉ። የሚረዱት ግን ብዙ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ልጅቱ የረሳቻቸውን ታሪኮች የምታስታውሰው እናት ናት። ገና በልጅነቷ የዕድሩን መዋጮ ስትመዘግብ፣ አባቷ በታመመበት ዓመት ሱቁን ይዛ ስትውል፣ ከጎረቤት ልጆች የጥናት ቡድን ስታቋቁም ያየች እናት «ይህንስ ለምን አትነግሪያቸውም?» ብትል ከማንኛውም አሠልጣኝ የበለጠ ረዳች ማለት ነው።

ሁለተኛም፣ ማታ ከእራት በኋላ ልጅቱን ከፊት አስቀምጦ ሰዓት ይዞ ማዳመጥ ይቻላል። ቋንቋውን ሳያውቁም ልጅቱ ዓይኗን ስታሸሽ፣ ድምፅዋ መጨረሻ ላይ ሲሰልል፣ እጇን ስታፍተለትል፣ ወይም 1 ደቂቃው ሲያልፍ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ ብቻ በቤቷ ቋንቋ ታሪኩን ትንገራችሁ። በገዛ ቋንቋዋ ያልጠራ ታሪክ በእንግሊዝኛ አይጠራም። እናቷ ያልገባት ነጥብ ለጠያቂውም ላይገባው ስለሚችል ያንኑ ማስተካከል ነው። ከዚያ በኋላ በስልኳ ራሷን ትቅረጽና መልሳ ትመልከት። የመጀመሪያው ቅጂ ያሳፍራታል፤ ዐሥረኛው አያሳፍራትም።

ቤቱን ማዘጋጀት

ከባድ የሚመስለው ነገር አንዳንዴ በቀላል ምክንያት ይበላሻል። ስለዚህ የሚከተሉትን ማሰቡ ይጠቅማል።

ብርሃን፦ ፊቷን ወደ መስኮት አድርጋ ትቀመጥ። መስኮቱ ከጀርባዋ ከሆነ ፊቷ ጨለማ ሆኖ ይወጣል። ስልኩ በቁሙ ከዓይኗ እኩል ከፍታ ላይ በመደርደሪያ ወይም በተደረደሩ መጻሕፍት ላይ ይደገፍ እንጂ በእጅ አይያዝ። ስትናገር የምትመለከተውም የራሷን መልክ ሳይሆን መቅረጫውን ዓይን መሆን አለበት።

ድምፅ፦ የቆርቆሮ ጣራ ያለበት ቤት በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመታው የሚሰማ ነገር የለም። የቪዲዮው መልስ ጊዜው በአመልካቿ ምርጫ ከሆነ ጧት ማድረጉ ይሻላል። ለጎረቤትም ለአንድ ሰዓት ያህል ሬዲዮ ዝቅ እንዲደረግ አስቀድሞ መንገር ነውር የለውም። በቤት ያሉ ሕፃናትን አያት ወይም አክስት ብትይዛቸው ዕዳው ቀላል ነው።

መብራትና ኔትዎርክ፦ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቦ ስልኩንና ኮምፒዩተሩን ማታውኑ ሞልቶ ማደር ነው። በቂ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት፣ የሚቻል ከሆነም የሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ሲም ካርድ ማዘጋጀት ከብዙ ድንጋጤ ያድናል። ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ሠፈር አንድ ቀን ቀደም ብሎ የዘመድ ወይም የጓደኛ ቤት ሄዶ መሞከር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ት/ቤቶች የመለማመጃ ጥያቄ ስለሚያቀርቡ እሱን ሳይሞክሩ ወደ ዋናው መግባት አይገባም።

ሰዓትና ቀን፦ ይህ በተለይ ለኛ አገር ሰው አደገኛ ነው። ጥሪው 9 ሰዓት ጧት ቢል በኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። የለንደን ሰዓት ቢጠቀስ ደግሞ በክረምታቸው ከኛ በ3 ሰዓት፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ግን በ2 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። እንግዲህ በለንደን ሰዓት ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ በጥር ወር ከሆነ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በሐምሌ ከሆነ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። የማመልከቻ ጊዜውም እንዲሁ ነው። ብዙ ት/ቤቶች የመጀመሪያውን ዙር በመስከረማቸው፣ ሁለተኛውን በጥራቸው መጀመሪያ ይዘጋሉ። የመጀመሪያው ከኛ ዘመን መለወጫ ጋር፣ ሁለተኛው ከገና ሰሞን ጋር ይገጣጠማል። በዓሉን ለማዘጋጀት ሩጫ በሚበዛበት ሳምንት ማመልከቻውን ለመጨረሻው ሌሊት ማቆየት ስንት የተደከመበትን ሥራ ያበላሻል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ከግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ልብስ፦ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ከሆነ ይበቃል። ሻሽም ሆነ ሒጃብ ማድረግ የሚያስወቅስ አይደለም። ለዚህ ሲባል በብድር አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልግም።

«እኛ እንጻፍልሽ» ከሚሉት መጠንቀቅ

ገንዘብ ተቀብለው ድርሰት እንጽፋለን፣ መልስ እናስጠናለን፣ እንዲያውም መግቢያ እናስገኛለን የሚሉ ደላሎች በከተማው አልጠፉም። እናቶች የዕቁባቸውን ዕጣ ወይም የወርቅ ጌጣቸውን ሸጠው ለነዚህ ሰዎች ከመስጠታቸው በፊት ሊያስቡበት ይገባል። በታወቀ ት/ቤት መግቢያ በደላላ አይሸጥም። የቺቭኒንግ ማመልከቻም ክፍያ የለውም፤ ክፈሉ የሚል ካለ አታላይ ነው። በሌላ ሰው ወይም በኮምፒዩተር የተጻፈ ድርሰት የያዘች ልጅ በቪዲዮው ላይ ስለዚያው ጉዳይ ስትጠየቅ ቃላቱም ሐሳቡም አይገጥሙላትም። ይህ ሲታወቅ ደግሞ ማመልከቻው ይሰረዛል። የልጅቱን ድርሰት አንብቦ ሰዋስው የሚያርም መምህር ወይም የሥራ ባልደረባ መፈለግ ግን የተገባ ነው። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ ት/ቤቶችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ አቅም ለሌለው ስለሚምሩ፣ ከመክፈል በፊት ጽፎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ሴቶችን በንግድ ሥራ ትምህርት ለመርዳት የተቋቋመው የአሜሪካው ፎርቴ ድርጅትም በአባል ት/ቤቶቹ በኩል ለሴቶች የትምህርት ድጎማ እንዲሰጥ ያደርጋል።

አመልካቿ ራሷ እናት ስትሆን

እስካሁን ስለ ልጆቻችን ተናገርን። ከአንባብያችን መካከል ግን ራሷ እናት ሆና ለመማር የምታስብ ሠራተኛ ትኖራለች። የዚህች ሴት ችግር በቤት ውስጥም ይጀምራል።

በሥራ ታሪኳ ላይ የወሊድ ጊዜ ክፍተት ሆኖ ቢታይ የሚያሳፍር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይገባታል። ከዚያ በላይ ቤት የቆየች ሴትም «በነዚህ ወራት ልጄን አሳደግሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ» ብላ በአጭር ቃል ተናግራ ወደ ዋናው ጉዳይ ብታልፍ ይበቃል።

ዋናው ቁም ነገር ግን «ለምን አሁን?» የሚለው ጥያቄ በቤት ውስጥ አስቀድሞ መልስ ማግኘቱ ነው። እሷ ከሄደች ልጆቹን ማን ይይዛል? በአገር ውስጥ በማታው ክፍል ከተማረችስ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ሰበታ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚመለስ ታክሲ በጨለማ እንዴት ታገኛለች፤ ማንስ ይቀበላታል? ደመወዟ ሲቋረጥ የቤት ኪራዩ ከየት ይከፈላል? ባል ይህን ሁሉ ከጠያቂው ቀድሞ መስማት አለበት። ብዙ ሴቶች «መጀመሪያ ልግባ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ» ይላሉ። ይህ ከመግባት በኋላ ከባድ ጠብ ያመጣል፤ ያገኘችውን ዕድል ትታ የምትቀርም ትኖራለች። ቤተሰቡ ተቀምጦ ተወያይቶ፣ አያት የምትይዘውን፣ ባል የሚሸከመውን፣ እሷም የምትከፍለውን አስቀድሞ ቢለይ ግን፣ ሴትዮዋ ከመቅጃው ፊት ስትቀመጥ ልቧ የተከፈለ አይሆንም። በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ቤቱ የተስማማለት ሰው ነው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ ይስማማል። ዝግጅቱ ከማመልከቻው ቢያንስ 6 ወር ቀድሞ ቢጀመር፣ በሳምንት ሁለት ማታ ለልምምድ ቢመደብና ታሪኮቹ በደብተር እየተመዘገቡ ቢሄዱ ያን ጊዜ ድንጋጤ አይኖርም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ተቀባይነት ያላገኘች ልጅ ብትኖር ነገሩ በዚያ አያከትምም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ በሁለተኛው ጊዜ የገቡ ብዙዎች ናቸው። እስከዚያው ድረስ ስለ ራሷ ሥራ በግልጽ መናገር የለመደች ሴት በመሥሪያ ቤቷ ዕድገት ስትጠይቅም፣ ከባንክ ብድር ስትጠይቅም፣ በዕድሯ ስብሰባ ላይ ስትነሣም ያው ልምድ ያገለግላታል። ስለዚህ እናቶች፣ ዛሬ ማታ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ከልጆቻችሁ ፊት ተቀመጡና 1 ደቂቃ ስጧቸው፤ ሳታቋርጡም አዳምጧቸው።